ቁጥሩና ኬላው፤ በዋይፋይ ወደ ተራ ስልክ ስለ መደወል

በዛሬ ጊዜ ባሕር ማዶ ያለ ሰው አገር ቤት ካለው ወገኑ ጋር በኢንተርኔት ለመነጋገር ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፥ ሁለቱም ተነጋጋሪዎች አንድ ዓይነት መተግበሪያ በስልካቸው ጭነው፥ ሁለቱም ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝተው፥ በዚያው ውስጥ የሚጠራሩበት ነው። ሁለተኛው ግን ደዋዩ ብቻ በዋይፋይ ላይ ሆኖ፥ ተደዋዩ ኢንተርኔት የሚባለውን ነገር ሳያውቀው፥ በተራ የስልክ ቁጥሩ የሚጠራበት ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተነግሯል፤ እኛ የምንጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው። በዚህ በሁለተኛው መንገድ፥ በአንድ የገጠር ቀበሌ ለምትኖር እናት ባለ ቁልፍ ስልክ ትበቃታለች። ልጇ ከዋሽንግተንም ይደውል ከቤይሩት፥ በምን መሣሪያ እንደ ደወለ ማወቅ አያስፈልጋትም። አዲስ ነገር የመማሩም የመግዛቱም ሸክም በደዋዩ ላይ ይወድቃል፤ እርስዋ ቁልፉን ተጭና «ሃሎ» ትላለች።

ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ይሆን ዘንድ ሁለት ነገሮች መኖር ነበረባቸው። አንዱ ቁጥር ነው። ሁለተኛው በአዲሱ መረብና በአሮጌው የስልክ መስመር መካከል የቆመው በር ነው። ይህንንም በር በዚህ ጽሑፍ «ኬላ» ብለን እንጠራዋለን፤ ምክንያቱም እንደ ጥንቱ የነጋዴዎች ኬላ መንገደኛን የሚያሳልፍ ብቻ ሳይሆን ቀረጥም የሚቀበል ስለ ሆነ ነው። የዋይፋይ ጥሪ ታሪክ ሲመረመር የመሐንዲሶች ብልሃት ታሪክ ብቻ ሆኖ አይገኝም፤ በኬላው ላይ ማን ይቁም፥ ስንትስ ይቀበል የሚለው ክርክር ታሪክም ጭምር ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ «ዓመተ ምሕረት» ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በስልክ ላይ የፈጠራ መብት ያገኘው በማርች 7 ቀን 1876 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን የስልክ ቁጥር የሚባል ነገር አልነበረም። ባለ ስልኩ ለማዞሪያው ሠራተኛ የሚፈልገውን ሰው ስም ይነግረዋል፤ ሠራተኛውም የከተማውን ባለ ስልክ ሁሉ በስም ስለሚያውቅ ሽቦውን ከሽቦው ጋር ያገናኝለታል። በ1879 በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ ሎዌል በምትባል ከተማ የኩፍኝ ወረርሽኝ ገባ። የከተማይቱ የማዞሪያ ሠራተኞች አራት ብቻ ነበሩ። ሞዝስ ግሪሊ ፓርከር የሚባል ሐኪም፥ እነዚህ አራቱ ቢታመሙ የሚተካቸው ሰው የባለ ስልኮቹን ስም ከነቦታቸው ሊያውቅ ስለማይችል ከተማው ሁሉ ዲዳ ሆኖ እንዳይቀር ሠግቶ፥ ለያንዳንዱ ባለ ስልክ ቁጥር ይሰጠው ብሎ እንደ መከረ ይነገራል። ሰውን በቁጥር መጥራት እንደ ክብር ማነስ የሚቈጥሩ ሰዎች በዚያን ጊዜም አልታጡም። እኛ በመሥሪያ ቤት የምንውለው ሰዎች፥ ባለ ጉዳይን በፋይል ቁጥሩ መጥራት እንደማያስመሰግን ብናውቅም፥ በዚህ ነገር ግን ከሐኪሙ ጋር ነን፤ ቁጥር ባይኖር ኖሮ ኋላ የመጣው ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ቁጥር በእውነት ኃይል ያገኘው ከዚያ ጥቂት ዘግይቶ ነው። አልመን ስትራውጀር የተባለ፥ ሥራው ሬሳ ገንዞ ማስቀበር የነበረ አሜሪካዊ፥ ያለ ሰው እጅ ጥሪን የሚያገናኝ ማዞሪያ ፈልስፎ በ1891 መብቱን አስመዘገበ። በ1892ም በኢንዲያና ግዛት፥ ላፖርት በምትባል ከተማ መሣሪያው ተተክሎ ሥራ ጀመረ። ያን ጊዜ ቁጥር ለሰው የሚነገር ስም መሆኑ ቀርቶ ለመኪና የሚሰጥ ትእዛዝ ሆነ። ከዚያም የዓለም መንግሥታት በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አማካይነት ተስማምተው ለያንዳንዱ አገር መለያ ቁጥር ሰጡ፤ የኢትዮጵያም 251 ሆነ። አንድ ቁጥር ከአገር መለያው ጋር ከ15 አኃዝ እንዳይበልጥም ተወሰነ። የዚህ ስምምነት ትርጉም በዓለም ላይ ያለ ማናቸውም ስልክ ከሌላ ከማናቸውም ስልክ ሊጠራ ይችላል ማለት ነው። የትኛውም መተግበሪያ፥ ስንት ሚሊዮን ሰው ቢጠቀምበት፥ ይህን ያህል የተስፋፋ መዝገብ የለውም።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው ቶሎ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ሥራ የተጀመረው በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመን በ1894 እንደ ሆነ በቴሌኮሙኒኬሽን ታሪካችን ተጽፎ ይገኛል። የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ የተቋቋመው በ1945 ዓመተ ምሕረት ነው። መስመሩ በአገር ውስጥ እየሰፋ ሄደ፤ ከውጭ አገር ጋር መነጋገር ግን ለብዙ ዘመን የባለጸጎችና የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ ቆየ።

የዋጋው ነገር በሌላውም ዓለም እንደዚሁ ነበር። በጃንዋሪ 7 ቀን 1927 በኒውዮርክና በሎንዶን መካከል በራዲዮ የስልክ አገልግሎት ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ዋጋ 75 ዶላር ነበር። በ1956 በአትላንቲክ ባሕር ሥር የመጀመሪያው የስልክ ገመድ ሲዘረጋ በአንድ ጊዜ የሚያስተላልፈው 36 መስመር ብቻ ነበር። መንገዱ ጠባብ፥ መንገደኛው ብዙ ሲሆን ዋጋ መወደዱ አይገርምም። ነገር ግን ገመዱ ከሰፋ በኋላም ዋጋው በዚያው ልክ አልወረደም፤ ምክንያቱ ኬላው ነው። ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ሲደወል፥ የደዋዩ አገር ኩባንያ ጥሪውን ተቀብሎ ለባለ ቁጥሩ ለሚያደርሰው ለተደዋዩ አገር ኩባንያ በየደቂቃው የተስማሙበትን ገንዘብ ይከፍላል። ከድሀ አገሮች ወደ ውጭ የሚደውለው ጥቂት፥ ከውጭ ወደ እነርሱ የሚደወለው ብዙ ስለ ነበር፥ ይህ ገንዘብ ለነዚህ አገሮች መንግሥታት ጥሩ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ሆነላቸው። በ1997 የአሜሪካ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን፥ የአገሩ ኩባንያዎች ለሌሎች አገሮች በደቂቃ የሚከፍሉት ገንዘብ ከተወሰነ ልክ እንዳይበልጥ ደነገገ፤ ለድሀ አገሮችም 23 የአሜሪካ ሳንቲም አደረገው። በሌላው አገር ኬላ ላይ የሚከፈለውን ቀረጥ አሜሪካ ብቻዋን መወሰንዋ ብዙ መንግሥታትን አስቈጥቷል።

ኬላው በዚህ ዓይነት ሲያከራክር፥ ድምፅን በሌላ መንገድ የማሳለፉ ሐሳብ በላቦራቶሪ ውስጥ ዓመታት አስቈጥሮ ነበር። በኦገስት 1974 በካሊፎርኒያ ባለ አንድ የምርምር ተቋምና በማሳቹሴትስ ባለው የሊንከን ላቦራቶሪ መካከል፥ የኢንተርኔት እናት በሆነው በአርፓኔት መረብ፥ የሰው ድምፅ እየተቈራረሰ ተላለፈ። ከሥራው መሪዎች አንዱ ዳኒ ኮኸን ነበር። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፥ አንድ ረዥም ደብዳቤ በገጽ በገጹ ተለያይቶ ለብዙ መልእክተኞች ተሰጠ እንበል። መልእክተኞቹ በየፊናቸው ይሮጣሉ፤ በመጨረሻው ቦታ ያለው ጸሐፊ በገጾቹ ቁጥር መሠረት ደርድሮ ያነባል። በአሮጌው ስልክ ግን ለሁለት ተነጋጋሪዎች አንድ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከልሎ ይያዝላቸዋል፤ ዝም ቢሉም መስመሩ የእነርሱ ነው።

በኮምፒዩተር የሚሄድ ድምፅ አስቀድሞ ወደ ቁጥር ይለወጣል። በተለመደው የስልክ ሥርዓት ድምፁ በሰኮንድ 8000 ጊዜ ይለካል፤ ይህም በሰኮንድ 64,000 ቢት ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ሃያ ሃያ ሚሊሰኮንድ የሚሆነው ንግግር በአንድ ጥቅል ስለሚላክ፥ አንድ ሰው በአንድ ሰኮንድ ውስጥ ሃምሳ ጥቅል ይልካል ማለት ነው። ዘግይቶ የደረሰ ጥቅል አይጠበቅም፥ ይጣላል፤ ንግግር እንደ ደብዳቤ አይደለምና ነገ ቢደርስ ዋጋ የለውም። ድምፅ ከአፍ ወደ ጆሮ ለመድረስ ከ150 ሚሊሰኮንድ በላይ ሲፈጅበት ሰዎች እርስ በርሳቸው ንግግር መነጣጠቅ ይጀምራሉ። አንባቢ በዋይፋይ ሲነጋገር «አንተ ቀጥል፥ አይ አንተ ቀጥል» የሚለው ጨዋታ ገጥሞት ከሆነ፥ ምክንያቱ ይህ ነው።

በፌብሩዋሪ 1995 ቮካልቴክ የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ለሕዝብ የሚሸጥ የኢንተርኔት ስልክ አወጣ። በዚህ ግን ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ብቻ ነበር የሚደወለው፤ ሁለቱም ሰዎች ቀጠሮ ይዘው በየማሽናቸው ፊት መቀመጥ ነበረባቸው። እናትን ከጓዳ ጠርቶ ኮምፒዩተር ፊት የሚያስቀምጥ ልጅ በዚያን ጊዜ ስንት ነበር? ስለዚህ ትልቁ እርምጃ የተገኘው ኬላው በተሠራ ጊዜ ነው። ኬላው አንድ እግሩን በኢንተርኔት፥ አንድ እግሩን በስልክ መሥሪያ ቤት የተከለ መሣሪያ ነው። ጥቅሎቹን ተቀብሎ ወደ ተራ ድምፅ ይመልሳል፤ ቁጥሩን ይደውላል፤ ለስልክ ኩባንያው ይከፍላል። እንግዲህ ድምፁ ውቅያኖሱን በኢንተርኔት በርካሽ ይሻገርና ክፍያ የሚጠየቀው ለመጨረሻይቱ መንገድ ብቻ ይሆናል። በ1996 ኔት ቱ ፎን የተባለው የአሜሪካ አገልግሎት ከኮምፒዩተር ወደ ተራ ስልክ ማስደወል ጀመረ።

በዚያው ጊዜ ገደማ ዋይፋይ መጣ። አሜሪካ በ1985 ያለ ፈቃድ የሚሠራባቸውን የራዲዮ ሞገዶች ከፈተች፤ በ1997 የመጀመሪያው የሥራ ደንብ ጸደቀ፤ «ዋይፋይ» የሚለውም ስም ከ1999 ጀምሮ ታወቀ። ስለ ዋይፋይ ከዚህ በላይ መናገር ለርዕሳችን አያስፈልግም፤ ያደረገው ነገር ኢንተርኔትን ከሽቦ አላቅቆ ወደ ኪስ ማስገባት ነው።

በኦገስት 2003 ስካይፕ ወጣ። መሥራቾቹ ስዊድናዊው ኒክላስ ዘንስትሮምና ዴንማርካዊው ያኑስ ፍሪስ ሲሆኑ፥ ፕሮግራሙን የጻፉት የኢስቶንያ ሰዎች ናቸው። በ2004 ደግሞ ስካይፕ አውት በሚል ስም ወደ ተራ ቁጥር ማስደወል ጀመሩ። ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚደረገው ጥሪ ነጻ ሆኖ ሳለ ሰዎች ገንዘብ አስቀምጠው ተራ ቁጥር ይደውሉ ነበር። እንዲህ ማድረጋቸው የወደዱት ሰው ሁሉ በኮምፒዩተር ፊት ስላልነበረ ነው። ኩባንያው በ2005 በ2.6 ቢሊዮን ዶላር ለኢቤይ፥ በ2011 ደግሞ በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ለማይክሮሶፍት ተሸጠ።

አሁን ወደ አገራችን ኬላ እንመለስ። በ1994 ዓመተ ምሕረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም ሆነ መጠቀምን ከለከለ። በ2004 ዓመተ ምሕረት የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ ቅጣቱን አከበደው። በዚያን ጊዜ ስካይፕ መጠቀም ወንጀል ሆነ የሚል ወሬ ከአገር ውስጥ አልፎ በውጭ አገር ጋዜጦችም ተጻፈ፤ ባለ ሥልጣኖች ግን የሕጉ ዓላማ ያለ ፈቃድ ጥሪ የሚነግዱትን መያዝ እንጂ ከቤተ ዘመዱ ጋር የሚጫወተውን ሰው መቅጣት አይደለም ብለው አስረዱ። እኛ በዚህ ጉዳይ የሁለቱም ወገን ሐሳብ ይገባናል። የስልክ መስመር በጭቃና በገደል ውስጥ የሚዘረጋ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ከውጭ ለሚገባ ጥሪ የሚከፈለው ደግሞ ዶላር ነው። ይሁን እንጂ ቀረጡን የሚከፍለው ባዕድ አይደለም። ከወር ደመወዝዋ ላይ ቀንሳ የስልክ ካርድ የምትገዛው በሰው ቤት የምትሠራ ልጃችን ናት። ከዚህም ሌላ፥ ነጋዴውንና ተጠቃሚውን በአንድ አንቀጽ አጠገብ ለአጠገብ ማስፈር፥ ከባለ ሥልጣን የሚሰጠው ማስረገጫ መልካም ቢሆንም፥ የሰውን ሥጋት ፈጽሞ አያርቅም፤ ዳኛ የሚፈርደው በተጻፈው ነውና።

ኬላው ሲወደድ ጫካ ለጫካ የሚያልፍ መንገደኛ ይበዛል። በስልክም የሆነው ይኸው ነው። ብዙ ሲም ካርዶችን በአንድ ጊዜ የሚይዝ ሳጥን አለ። ከውጭ አገር በኢንተርኔት የመጣውን ጥሪ ሳጥኑ ይቀበልና ከያዛቸው የአገር ውስጥ ሲም ካርዶች በአንዱ እንደ ገና ይደውለዋል። ለስልክ መሥሪያ ቤቱ ጥሪው ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር የተደወለ ይመስለዋል፤ የዓለም አቀፉ ቀረጥ ቀርቶ የአገር ውስጥ ሳንቲም ይከፈላል፤ ልዩነቱን ባለ ሳጥኑ ይወስዳል። ልጁ ከጂዳ ሲደውልለት በስልኩ ላይ የማያውቀው የአገር ቤት ቁጥር የወጣበት ሰው ጥቂት አይደለም። ሰው በዚህ ይሥቅ ነበር፤ ነገር ግን የማያውቁትን ቁጥር ማንሣት የማይወዱ ሽማግሌ አባት ስልኩን ሳያነሡት ይቀራሉ፤ መልሰው ቢደውሉም የሚያገኙት ልጃቸውን አይደለም። በዚህ ዓይነት ጥሪ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን የቁጥሩም እምነት ይሰረቃል፤ ቁጥር ደግሞ ያለ እምነት ምንም አይደለም። አዋጅ 761 ይህን ሥራ በብርቱ መቅጣቱን እኛ አንነቅፍም።

በ2011 ዓመተ ምሕረት በወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 የቴሌኮም ሥራ ለሌሎችም ኩባንያዎች ተከፈተ፤ በኦክቶበር 2022 ሁለተኛው ኩባንያ በአዲስ አበባ አገልግሎቱን ጀመረ። ሳዑዲ ዐረቢያም በኢንተርኔት በመደወል ላይ የነበራትን ክልከላ በ2017 አንሥታለች፤ ይህም በዚያ አገር ለሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን ትልቅ እፎይታ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን የስልክ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ወደ ዋይፋይ መዞራቸው ነው። ከኮንክሪት ግድግዳ ውስጥና ከምድር ቤት የሞባይል ሞገድ ስለሚደክም ባለ ስልኩ ሁሉ ያማርር ነበር። ምሰሶ በየቤቱ መትከል አይቻልም፤ ዋይፋይ ግን በየቤቱ አለ፥ የገዛውም ባለ ቤቱ ነው። ስለዚህ በ2007 ቲ ሞባይል በአሜሪካ ስልኩ በቤት ዋይፋይ እንዲናገር የሚያደርግ አገልግሎት ለደንበኞቹ ሁሉ አቀረበ። በ2014 አፕል በአይፎን ላይ ይህን ካስገባ በኋላ ነገሩ ተስፋፋ። ስልኩ በዋይፋይ አድርጎ በኢንተርኔት ላይ የተቈለፈ ቧንቧ የመሰለ መንገድ እስከ ባለቤቱ ኩባንያ በር ድረስ ይዘረጋል፤ በሲም ካርዱ ማንነቱን ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ ኩባንያው በምሰሶ እንደ መጣ ጥሪ ይቈጥረዋል። መተግበሪያ አያስፈልግም፥ ቁጥሩም የራሱ ቁጥር ነው። የአንዳንድ ኩባንያ ደንበኛ ከአሜሪካ አዲስ አበባ መጥቶ በሆቴል ዋይፋይ ወደ አሜሪካ ቁጥር ሲደውል፥ በአገሩ ሆኖ እንደ ደወለ ይታሰብለታል። ኩባንያዎቹ ትናንት እንደ ኮንትሮባንድ የሚያዩትን መንገድ የራሳቸው አውራ ጎዳና አደረጉት።

አንድ ነገር ግን በአሮጌው ሽቦ እንደ ነበረው ሊሆን አልቻለም። ሽቦ ከአንድ ቤት ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ሰው አደጋ ደርሶበት ቢደውልና መናገር ቢያቅተው እንኳ ቤቱ ይታወቃል። የዋይፋይ ድምፅ ግን ከየት እንደ መጣ በራሱ አይናገርም። በ2005 መጀመሪያ በቴክሳስ፥ በሂዩስተን ከተማ፥ ወንበዴዎች ቤት ሰብረው ወላጆችዋን ያቈሰሉባት አንዲት ወጣት በኢንተርኔት ስልክ 911 ብትደውል የአደጋ ጥሪ ሰሚዎችን ሳታገኝ ቀረች። በዚያው ዓመት በሜይ ወር የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን፥ ከተራ ስልክ ጋር የተገናኘ የኢንተርኔት ስልክ የሚያቀርብ ሁሉ የአደጋ ጥሪን እንዲያደርስ አዘዘ። በአሜሪካ ሰው በስልኩ ላይ የዋይፋይ ጥሪን ሲከፍት አድራሻውን አስመዝግብ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ እንደ ማስታወቂያ እየቈጠረ ያልፈዋል፤ ቤት ሲለውጥም አድራሻውን አያድስም።

ስካይፕ በሜይ 5 ቀን 2025 ተዘጋ። ማይክሮሶፍት ደንበኞቹን ቲምስ ወደሚባለው አገልግሎቱ ሲያዛውር፥ ለአዲስ ደንበኛ ወደ ተራ ቁጥር መደወያ ሒሳብ መሸጡን ቀደም ብሎ አቁሞ ነበር። በዘመኑ አስተያየት ሰው ሁሉ መተግበሪያ ስላለው የተራ ቁጥር ጥሪ ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ታይቷል። በመተግበሪያ ለሚጠራሩት ምንም አልጐደለባቸውም። የጐደለባቸው በውጭ አገር ሆነው ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዘች እናት፥ ለወረዳ መሥሪያ ቤት፥ ለሐኪም ቤት የሚደውሉት ናቸው። እነርሱም በዚያ ሰሞን ያስቀመጡት ሒሳብ ሳያልቅ በ251 የሚጀምሩትን ቁጥሮች በወረቀት እየገለበጡ፥ በደቂቃ ስንት የሚያስከፍል ሌላ ኬላ እንዳለ ይጠያየቁ ነበር።